ጅሬን የሚወጣ ቦርሳ

ዓርብ ማታ፣ ሂርማታ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቆረቁር፣
ያለኝን ዕቃ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ስቆጥር፦
ሁለት ካሜራ፣ አምስት ሌንስ፣ ማቆሚያው ባለሦስት እግር፣
ጃንጥላ የሚያህለው መብራት፣ ከነሽቦው ከነገመዱ፣
የዕቁብ ዕዳው ያላለቀው ያ ረጅሙ ሌንስ፣ ያ ከባዱ።

ወንድሜ ኢብሳ ደጃፍ ቆሞ፣ «እኔ እሸከመዋለሁ» ይላል፤
«ሠርገኛ ሥራ መች ያውቃል? ሰውን በዕቃው ይመዝናል፤
ትንሽ ይዘሽ ከሄድሽለት፣ ትንሽ ቆጥሮ ይሰጥሻል።»
ሐሰት የለውም። ይሄ አገር
በፈረሱላ ነው ያደገ፤ ካልከበደው አያምን ነገር።

ግን አጋሮ ላይ፣ ባለፈው ጥቅምት፣
ሌንስ ስፈታ፣ ሌንስ ስገጥም፣
ያመለጠኝን ክዳን ከጉዝጓዙ ሥር ስለቅም፣
ሙሽራዋ አያቷን አቅፋ አለቀሰች።
ቀና ስል አልቋል፤ መሀረብ ይዘው ይስቃሉ።
ያነሳሁት ሳቁን ነው።
ሳቁ ደህና ነው፤ ከኋላው ያለውን ግን
እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ አንድ ሌንስ። ሠላሳ አምስቱን።
ማቅረቢያው እግሬ፣ ማራቂያው እግሬ።
ባትሪ ግን ሦስት፣ በዚህ አልጫወትም፤
ካርድ ሁለት፣ አንዷን ፎቶ ሁለት ቦታ የሚያኖር፤
ሠርግ «ድገሙልኝ» አይባልም።
ከጭብጥ የማትበልጥ ፍላሽ።
አንድ የዳቦ ፌስታል፤ የጅማን ሰማይ ማን ያምነዋል?
ሁለተኛውን ካሜራ አነሳሁ። መለስኩ። አነሳሁ።
ይሄኛው እምቢ ቢልስ?
ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ
በሻርፔ ጠቅልዬ ከቦርሳው ግርጌ ከተትኩት፤
ጥቂት መያዝን እንጂ
አለመፍራትን መች ተማርኩት።

ባጃጁ የጅሬንን ዳገት እያቃሰተ ወጣ።
አባ ዲጋ ከበር ቆመው፣ ካባቸውን ደርበው፣
ትከሻዬን አዩ፤ ከኋላዬም አዩ፣
ዕቃ የጫነ ሰው የሚከተለኝ መስሏቸው።
«ልጄ፣ ካሜራዋ ይቺው ናት?»
«ይቺው ናት፣ አባቴ።»
«የጎረቤቴ ልጅ ሲዳር እኮ መድፍ የሚያህል ነበረ።»
መድፉስ እኔም ጋ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ሴቶቹ ጓዳ ወንድ አይገባም፤
ያን ጠዋት መብራትም አልገባም።
ነዒማ በአንዲቷ መስኮት ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣
አክስቷ የቀሚሱን ወገብ እላይዋ ላይ ትሰፋለች።
ለማቆሚያ ቦታ የለም፤ ለጃንጥላ ቦታ የለም፤
ለእኔ፣ ግድግዳውን ከታከኩ፣ አለ።
ካሜራዬን ከጥግ ባለች በርጩማ ላይ አሳረፍኩ፤
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ የጅማ በርጩማ፣
እግሯ ሦስት።
ቤት የተውኩት ቀድሞኝ ደርሷል።
ትንፋሼን ያዝኩ፤
አክስትየው ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣
ነዒማ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ተጫንኩ።

አንድ ነገር አመለጠኝ፣ አልደብቅም፦
ፈረሰኞቹ ከታች፣ ከባሕር ዛፉ መሀል ሲወጡ፣
ሙሽራው ናስር ቆቡን ነፋስ ነጥቆት
ወደ ኋላ ዞሮ ሲስቅ፣
በእኔ ሌንስ የሩዝ ፍሬ ነው፤
ሳቁ እንኳ አይለይ፣ ቆቡ እንኳ አይታወቅ።
ኢብሳ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ያንሳ። ልክ ነው።

ረቡዕ አባ ዲጋ ራሳቸው ሂርማታ ወረዱ።
ፈረሱን አለፉት፣ ድንኳኑን አለፉት፣
ክሩ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወልውለው መለሱ።
«እዚህ ክፍል እኔ አልገባሁም ነበር» አሉ።
ዝም ብለን ቆየን።
ከዚያ ካሜራዬን ከጠረጴዛው አንስተው
በመዳፋቸው መዘኑት፣ እንደ ቡና ናሙና፤
ምን ያህል እንዳወጣላቸው አልነገሩኝም።
ቀሪውን ብር ቆጥረው ሰጡኝ፣ አልጨመሩ፣ አልቀነሱ።
በማግሥቱ ከፈልኩበት
የዚያን ከባድ ሌንስ፣ የመጨረሻውን ዕቁብ።